ውሃ የምትጠጣው መኪና

መኪና የሌለው ሰው የመኪና ጣጣ የለበትም የሚል ካለ፣ እባካችሁ ወደ እኔ ላኩልኝ። እኔ መኪና ኖሮኝ አያውቅም። መንዳትም አልችልም። ብስክሌት እንኳ አንድ ጊዜ ሞክሬ፣ ነገሌ ገበያ መግቢያ ላይ የአንዲት ሴትዮ ቲማቲም ውስጥ ገብቼ ትቼዋለሁ። እንዲህም ሆኖ ከአንዲት መኪና ጋር ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ታግያለሁ። ስለ እርሷ የጻፍኩት ደብዳቤ ለእናቴ ከጻፍኩት ይበልጣል። ከእናቴ ደግሞ ለጠየቅኩት ነገር መልስ አገኝ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ፣ እኔ የምፈልገው ምን እንደነበረ አስቀድሜ ልንገራችሁ። የምፈልገው አንድ ወረቀት ነበር። ክሊራንስ ይባላል። «በዚህች ሴት እጅ የመንግሥት ንብረት የለም» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ ማኅተም። እርሱን ካልያዝኩ የመምህራን ማሠልጠኛ የክረምት ኮርስ አይቀበለኝም። ኮርሱን ካልወሰድኩ ደግሞ እስከ ጡረታዬ ድረስ ጠመኔ ስቆጥር እኖራለሁ እንጂ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት አልቆምም።

ይህ ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። አብረውኝ አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡት ልጆች የወተት ጥርሳቸውን እየነቀሉ ጣሪያ ላይ ይወረውሩ ነበር። መምህሩ የመጀመሪያ ቀን ሲገቡ የአንዷ እናት መስያቸው «እርስዎ ውጭ ይጠብቁ» ብለውኛል። አሥራ ሁለተኛን በማታ ትምህርት ስጨርስ ፀጉሬ ውስጥ ሁለት ሽበት ነበር፤ ሁለቱም የአልጀብራ ናቸው። እንግዲህ የማሠልጠኛው የመቀበያ ደብዳቤ ለእኔ ምን እንደነበር አስቡት።

ወደ መኪናዋ ልመለስ።

መሥሪያ ቤታችን ትንሽ ነበር። በነገሌ ዙሪያ፣ በሊበን ገጠር ላሉ የጎልማሶች መማሪያ ጣቢያዎች የፊደል ገበታ፣ ጠመኔና መጽሐፍ እናድላለን። ዕቃው በአህያ፣ ራቅ ሲል በግመል፣ ሲቀናን ደግሞ በጭነት መኪና አናት ላይ ይሄዳል። አንድ ቀን ከአንድ ወዳጅ አገር ስጦታ መጣልን፤ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ ቤንዚን የማትፈልግ መኪና! ጓድ ኃላፊያችን ከሳጥኑ ስትወጣ ሲያዩዋት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እውነት ለመናገር ታምር ነበር። እንደ እርጎ የነጣች፣ በር የሌላት፣ መስታወት የሌላት፣ የሸራ ጣሪያ ያላት፣ አንድ ረጅም መቀመጫ ከፊት፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት ካርቶን መጽሐፍ የሚይዝ ሳጥን። ጎማዎቿ የሕፃን ጋሪ ጎማ ያክላሉ። ለነገሌ አሸዋ ይሆኑ እንደሆነ ያን ቀን የጠየቀ ሰው የለም።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ከተማችን ኤሌክትሪክ ነበራት፤ ሲመሽ ለጥቂት ሰዓት፣ ጄኔሬተሩ ደስ ሲለው።

«ጓዲት» አሉኝ ጓድ ኃላፊ፣ «አንቺ መጽሐፍ ትወጃለሽ አይደል?»

«እወዳለሁ።»

«ይኸው መጽሐፍ» ብለው የመኪናዋን መምሪያ አሸከሙኝ። «መኪናዋም ከእሱ ጋር ናት። ፈርሚ።»

ፈረምኩ። አንብቤ ነው የፈረምኩት፤ ሳላነብ አልፈርምም። የንብረት መረከቢያው «መኪና፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ 1» ይላል። «የምትሄድ» የምትለዋ ቃል አንድ ቀን ጉሮሮዬን እንደምትይዘኝ መጠርጠር ነበረብኝ።

መምሪያው በሦስት ቋንቋ ተጽፏል፤ አማርኛ ከሦስቱ አንዱ አይደለም። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ በባለ መስመር ደብተር ወደ አማርኛ ገለበጥኩት። ምዕራፍ ሁለት ስለ በረዶ ነው። ምዕራፍ ሦስት የጋራዥ ማሞቂያ እንዴት እንደሚገጠም ያስረዳል። ምዕራፍ አራት ላይ እንደደረስኩ ዋናውን ነገር አገኘሁት፦ ከመቀመጫው ሥር ስድስት ባትሪዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ውሃቸው ሲጎድል የተጣራ የባትሪ ውሃ ይጨመርላቸዋል።

ይህንን የመከታተል ሥራ ለዘበኛችን ለኦቦ ጂሎ ሰጠሁ። ኦቦ ጂሎ ዕድሜያቸውን ሁሉ ከብት ያረቡ፣ ድርቅ ከብታቸውን ሲጨርስባቸው ከተማ ገብተው ዘበኛ የሆኑ የቦረና ሽማግሌ ናቸው። እንደ እርሳቸው ያለ ጠንቃቃ ሰው አላውቅም። አንድ ፍሬ ጠመኔ መሬት ወድቆ ቢያገኙ በመሐረብ ቋጥረው ያመጡልኛል።

«ኦቦ ጂሎ» አልኳቸው፣ «ይቺ መኪና ቤንዚን አትጠጣም። የምትጠጣው ውሃ ነው። ውሃው ጀሪካኑ ውስጥ አለ።»

«ውሃ?» አሉ፣ መኪናዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በደግ ዓይን እያዩ። «እንግዲያ ጤነኛ ናት። በየስንት ቀን?»

«በየጊዜው እያዩ» አልኳቸው።

አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለመተርጎም ሦስት ቀን የማድረው እኔ፣ በደብተሬ ላይ ነጠላ ሰረዝ ስትቀር እንቅልፍ የማይወስደኝ እኔ፣ «በየጊዜው» ብዬ ሄድኩ። ይህንን በኋላ ታዩታላችሁ።

የምርቃቱ ቀን ጓድ ኃላፊ ራሳቸው ነዱ። ንግግር አደረጉ። «ጓዶች! ይህች መኪና ጭስ የላትም፤ ድምፅ የላትም!» ድምፅ የላትም ያሉት እውነት ነበር። ከፊልቱ ከተማ በኩል ግመሎቹን እየነዳ የመጣ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር፤ መኪናዋ ክርኑ አጠገብ እስክትደርስ አልሰማም። ዞር ሲል ነጭ ሸራ ፊቱ ላይ አየ። ግመሉ ከእርሱ ቀድሞ ዘለለ።

«ይቺ ነገር እንደ ሌባ ነው የምትመጣው!» ብሎ ጮኸ ሰውየው። «ጡሩንባ የላትም? ቃጭል እሰሩላት!»

ጓድ ኃላፊ ደንግጠው ፍሬን ያዙ፤ መኪናዋ ቆመች። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ አልተነሳችም። ያጨበጨበው ሕዝብ ገፍቶ ወደ መጋዘን መለሳት።

ችግሩ ቻርጅ ነው አልን። መምሪያው ዐሥር ሰዓት ሙሉ ከኤሌክትሪክ ጋር ትያያዝ ይላል። የከተማው መብራት ዐሥር ሰዓት የሚበራበትን ቀን ብንጠብቅ ባትሪው ያረጃል። ስለዚህ ወደ ሐጂ አደም ወፍጮ ቤት ወሰድናት፤ ሐጂ ቀን ቀን የራሳቸውን ጄኔሬተር ያስነሱ ነበር። ሐጂ አደም ሱቅም፣ ወፍጮም፣ በከተማው ጉዳይ ሁሉ ላይ አስተያየትም ያላቸው ነጋዴ ናቸው።

«እህቴ፣ አንድ ነገር አስረጂኝ» አሉኝ የመጀመሪያው ቀን፣ ሽቦውን ሲያያይዙ። «የኔ ሞተር ናፍጣ ይበላል?»

«ይበላል።»

«ያንቺ መኪና ከኔ ሞተር ትበላለች?»

«ትበላለች።»

«ታዲያ በምንድን ነው የምትሄደው?»

«በኤሌክትሪክ።»

«በናፍጣ በይ እንጂ፣ ወላሂ! ስሟን አትቀይሪባት።»

መኪናዋ በተያያዘች ቁጥር ወፍጮው እያቃሰተ ይዘገያል። እህላቸውን ይዘው ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ደግሞ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። «መጣች ደግሞ ባለ መኪናዋ» ይላሉ። እኔ፣ በእግሬ የመጣሁት፣ በእግሬ የምመለሰው ባለ መኪና። አንዷ «ይቺ ነጭ በሬ እኮ ዱቄታችንን በላችው» ብላ ሽቦውን ልትነቅለው ስትል መንገድ ዘጋሁባት። መጽሐፍ ይዤ ከሴት ጋር የተጋፋሁት ያኔ ነው።

ቻርጅ ስትሆን አንድ ቀን ትሄዳለች። በማግስቱ መጽሐፍ ጭነን እንልካታለን፤ ከከተማው ሳትወጣ ትቆማለች። መጽሐፉ በአህያ ይቀጥላል። መኪናዋን ሌላ አህያ ይመልሳታል። ቀስ በቀስ አህያውን ከመጀመሪያው ይዘን መውጣት ጀመርን። ጓድ ኃላፊ ግን በወር ሪፖርታቸው «መኪናዋ በአህያ እየታገዘች ሥራዋን ቀጥላለች» ብለው ጻፉ። ቃሉን እኔ ባርመውም አልተቀበሉኝም።

ለፋብሪካው የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ አርቅቄ፣ በአራተኛው አስተካክዬ፣ የመኪናዋን ቁጥር፣ የቆመችበትን ቦታ ሁሉ፣ የአየሩን ሁኔታ ዘርዝሬ። ከሁለት ወር በላይ ጠበቅኩ። መልሱ መጣ። ምርታቸውን ስለመረጥን አመስግነው፣ ይህን አሉ፦ «መኪናው ከመነሳቱ በፊት ጣሪያው ላይ የተከመረው በረዶ በሚገባ መጠረጉን ያረጋግጡ።» ከደብዳቤው ጋር የቀን መቁጠሪያ ልከውልናል። የቀን መቁጠሪያው ላይ የኛው መኪና በረዶ ውስጥ ቆማ ትታያለች። ጓድ ኃላፊ ደስ ብሏቸው ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ኦቦ ጂሎ አዩትና «ይህ ሁሉ ጨው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በረዶ መሆኑን ነገርኳቸው። ሊያምኑኝ አልፈለጉም። ያን ጊዜ ለምን ጨው እንዳሰቡ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።

ሰኔ ላይ የመቀበያ ደብዳቤዬ ደረሰ። ሌሊቱን ሙሉ ትራስ ሥር አድርጌው አደርኩ። ጠዋት ክሊራንስ ልጠይቅ ጓድ ኃላፊ ዘንድ ገባሁ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አሉ። «መኪናዋን አስረክቢና ሂጂ።»

«ላስረክብ ዝግጁ ነኝ።»

«ትሄዳለች?»

«አትሄድም።»

«የተረከብሽው ‹የምትሄድ› ነው። የምትሄድ ነው የምታስረክቢው።»

እውነት ነው፤ የራሴ ፊርማ ከሥሩ አለ። ያ ክረምት አለፈኝ። ማሠልጠኛው ቦታዬን ለአንድ ዓመት ብቻ እንደሚያቆይልኝ፣ ከዚያ በኋላ ለሌላ እንደሚሰጠው ጻፈልኝ። ያን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ መኪናዋን ሳያት ልክ እንደ ባላንጣ ነበር የማያት። እርሷም እንደዚያው ታየኝ ነበር፤ ሁለቱ መብራቶቿ ትንሽ ሸውረር ያሉ ናቸው።

በበጋው ባሰባት። ከመቀመጫዋ ሥር በረኪና በረኪና የሚል ሽታ ይወጣ ጀመር። የባትሪዎቹ ጫፍ ነጭና አረንጓዴ ቅርፊት አበቀለ። ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሽታውን ለመግለጽ አንድ ሙሉ ገጽ ፈጀሁ። በመልሱ ፋንታ ጥቅል መጣ። ወዲያው ከፈትኩት። የመስታወት ዝናብ መጥረጊያ፣ ጥንድ፣ «ከአክብሮት ጋር።» መኪናችን መስታወት የላትም ብያችኋለሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ደብተር ልቆጥር በማለዳ ወደ መጋዘን ስሄድ፣ ዘፈን ሰማሁ። ወፍራም፣ ቀስ ያለ፣ ቦረናዎች ኤላ በሚሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ በሰልፍ ቆመው ውሃ ሲያወጡ የሚዘፍኑት ዓይነት። በየሦስት ቀኑ እሰማው ነበር፤ ኦቦ ጂሎ እየጸለዩ ነው ብዬ በአክብሮት ራቅ ብዬ አልፋለሁ። ያን ቀን ግን ደብተሩ አስቸኳይ ስለነበር ገባሁ።

የመኪናዋ መቀመጫ ተነስቷል። የስድስቱም ባትሪ ክዳን ተከፍቷል። ኦቦ ጂሎ በጣሳ ውሃ እያንቆረቆሩ ይዘፍናሉ። ስድስቱንም ሞልተው እስኪፈስ ድረስ አጠጡ። ከዚያ ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና ጥቁር ጨው አውጥተው፣ በጣታቸው እየፈረፈሩ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ቆንጥረው ጨመሩ።

«ኦቦ ጂሎ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ናጋ፣ ኢንታላ ኮ!» ሰላም፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ፊታቸው በደስታ በራ። «አጠጣታለሁ።»

«ጨውስ?»

«ከሜጋ በኩል፣ ከጨው ጉድጓዱ የወጣ ነው። ጥሩ ጨው ነው። ለማንም አልሰጥም እኮ ይህንን።»

«ማን ጨው ይስጧት አለ?»

ጥያቄው ገረማቸው። «ማን ይላል? ከብት ውሃ ብቻ ጠጥቶ መንገድ ይሄዳል? አንቺ ውሃ ትጠጣለች አልሽኝ። በየስንት ቀን አላልሽም። እኔ በሦስተኛው ቀን አደረግኩ፤ የከብት ተራ እንደሱ ነው። ከመንገድ ትኩስ ሆና ስትመጣ አላጠጣም፤ እስክትበርድ አሳርፋታለሁ። ጀሪካኑ ሲያልቅ ከጉድጓዳችን ሞላሁ። ስድስት አፍ አላት፤ ስድስቱንም እኩል። አንዱን አላስበለጥኩም።» ከዚያ ፊቴን አይተው ድምፃቸው ወረደ። «ጥፋት አለ?»

ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ምን ልበላቸው? ይህችን መኪና የሰጠ አለ፣ የሠራ አለ፣ የመረቀ አለ፣ መምሪያዋን የተረጎመም አለ። ድካሟን አይቶ የሚሻላትን ያሰበ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የገደላትም እርሱ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኦቦ ጂሎ» አልኳቸው። «ሁለተኛ ጨው አይስጧት።»

«ውሃውስ?»

«ውሃውንም ይተዉት።»

«ትጠማለች» አሉ፣ አዝነው።

እኔ ደግሞ ነገር መደበቅ አላውቅበትም። እውነቱን ለጓድ ኃላፊ በሪፖርት ጻፍኩ፤ ለፋብሪካውም በሦስተኛው ደብዳቤ ጻፍኩ። ስድስት አዲስ ባትሪ እንዲልኩልን ለመንኩ፤ በዚያ መጠን የተሠራ ባትሪ አዲስ አበባም ስላልተገኘ። መልሳቸው ይህን ይል ነበር፦ «ጨው ከተፈቀዱት ተጨማሪ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። የጨውን አምራች ድርጅት ስምና የዕቃ ቁጥር በተያያዘው ቅጽ ላይ ሞልታችሁ ላኩ።» ሞላሁት። በስም ቦታ «ከመሬት የወጣ»፣ በቁጥር ቦታ «የለውም» ብዬ ላኩ። ምን ላድርግ፤ ጠይቀውኛል።

አራተኛው መልስ የመጣው በሁለተኛው ሰኔ፣ የርክክቡ ኮሚቴ ከመሰብሰቡ ከሁለት ቀን በፊት ነው። ቆሜ አነበብኩት። ተቀምጬ አነበብኩት። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ለማንም አልተናገርኩም። ከደብዳቤዎቹ ሁሉ የከፋው መሰለኝ።

የርክክቡ ቀን ሻንጣዬን ይዤ መጣሁ። የሚወስደኝ የጭነት መኪና ሾፌር «ስድስት ሰዓት ሲሆን እነሳለሁ፤ አባቴም ቢሆን አልጠብቅም» ብሎኛል። ከዚያ ወዲያ ሌላ መኪና ጠብቄ ብሄድ ምዝገባው ያልፋል፤ ቦታዬም ያልፋል። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ ሰብሳቢው ጓድ ኃላፊ፣ የአካባቢው ተወካይ ሆነው ሐጂ አደም፣ ከእኔ የሚረከበው ደግሞ መምህር ሰይፉ። ሰይፉ ከእኔ የባሰ ነው። እኔ ነጠላ ሰረዝ እቆጥራለሁ፤ እሱ ነጠላ ሰረዟ የማን ንብረት እንደሆነች ይጠይቃል።

መኪናዋን ከመጋዘኑ ገፍተን ግቢው ውስጥ አወጣናት። ግቢያችን ከመጋዘኑ ወደ በሩ በቀስታ ይወርዳል፤ በሩ ጋ ነፋስ የከመረው አሸዋ አለ። ሰይፉ የእጅ ፍሬኗን ለቅቆ፣ ከፊት ጎማዋ ሥር ድንጋይ አደረገ።

«ይነሳ» አለ።

ጓድ ኃላፊ ቁልፉን አዞሩት። ዝም። ድጋሚ አዞሩት። ዝም።

«በዚህች እንኳ እንደ ምርቃቱ ቀን ናት፤ ድምፅ የላትም» አሉ ሐጂ።

«የማይሄድ መኪና አልረከብም» አለ ሰይፉ፣ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

ከውጭ የጭነት መኪናው ጡሩንባ ተሰማ። ጓድ ኃላፊ ወደ ጥግ ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጉዳዩን ለመጨረስ ፈልገው ነው።

«እንዲህ ጻፊ» አሉኝ፣ «‹በዘበኛው ጥፋት ከጥቅም ውጭ ሆናለች።› ሪፖርቱ በእጄ አለ። እፈርምልሻለሁ፣ ትሄጃለሽ።»

«ኦቦ ጂሎስ?»

«እሳቸው ይጠየቃሉ። የመንግሥት ንብረት ውስጥ ጨው መጨመር... አሻጥርም ሊባል ይችላል። ምን እናድርግ።»

ዞሬ አየሁ። ኦቦ ጂሎ መጋዘኑ በር ላይ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የምንናገረውን አይሰሙም። እንደማያቸው ሲያዩ እጃቸውን አነሱልኝ፤ መንገድ የሚሄድ ሰው የሚሸኙበት ዓይነት። ያን ጊዜ አሻጥር የሚባለው ቃል አንድ ሰው ላይ ከወረደ በኋላ እንዴት እንደሚነሳ የሚያውቅ አልነበረም።

ሻንጣዬን መሬት አስቀመጥኩ። «አልጽፍም» አልኩ። «ትጠጣለች ያልኳቸው እኔ ነኝ። መጻፍ ካለበት በእኔ ስም ይጻፍ።»

«በስምሽ ከተጻፈ ክሊራንስ የለም።»

«አውቃለሁ።»

እንዲህ ስል ጀግና መስያችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል። ዓይኔን ላብስ መሐረብ ፍለጋ ቦርሳዬን ከፈትኩ። መሐረቡ አልተገኘም። እጄ ላይ የመጣው የፋብሪካው አራተኛ መልስ ነው። ልወረውረው አነሳሁና ቆም አልኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር በራሴ ውስጥ ቻርጅ ሆነ።

«ጓድ ኃላፊ» አልኩ፣ «ይቺ መኪና አይደለችም።»

«ደከመሽ፣ ተቀመጪ» አሉ ሐጂ በርኅራኄ።

«እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ የሠሯት ናቸው።» ጮክ ብዬ እየተረጎምኩ አነበብኩ፦ «‹ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመርን በኋላ፣ በእጃችሁ ያለው ምርት መኪና አለመሆኑን እንገልጻለን። ሰዎች በመናፈሻ ውስጥ የሚቀመጡበት ባለ ጎማ መቀመጫ ነው። ዋስትናችን መኪናን ብቻ የሚመለከት ስለሆነ፣ ስለ መቀመጫችሁ ልንረዳችሁ አንችልም።›»

ጓድ ኃላፊ ደብዳቤውን ተቀብለው አገላበጡት።

«ማኅተም አለው?»

«ሁለት አለው።»

«ሁለት...» አሉ፣ በአክብሮት።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ናፍጣዬ» አሉ ሐጂ አደም፣ «ለወንበር ነው የፈሰሰው?»

ሰይፉ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። «መኪና ካልሆነ ከመኪና መዝገብ ይሰረዝ። ወንበር ከሆነ በቢሮ ዕቃ ይመዝገብ። ግን ወንበር መሪ አለው?»

«ይሄኛው አለው» አልኩ። «‹አግዳሚ ወንበር፣ ባለ መሪ፣ ባለ ጎማ፣ ባለ ጣሪያ፣ 1።› ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አልቀነስኩም።»

«ያገለግላል?»

«ይቀመጡበትና ይዩት።»

ሦስቱም ወጥተው ተቀመጡ፤ ጓድ ኃላፊ መሐል፣ ሐጂ በቀኝ፣ ሰይፉ በግራ ጠርዝ። ለሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ ሦስት ቻለ። ጓድ ኃላፊ ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው «ጥሩ ወንበር ነው» አሉ። ያሉት እውነት ነበር። ስለዚያች ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በመሥሪያ ቤታችን ውስጥ እውነት ተነገረ። ከጉልበታቸው ላይ አድርገው ጻፉ፦ «በመልካም ሁኔታ በማገልገል ላይ ያለ።» ሦስቱም ፈረሙ። ጓድ ኃላፊ ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው እፍ አሉበትና ክሊራንሴ ላይ መቱት። ወረቀቱን ተቀበልኩ።

የጭነት መኪናው ደግሞ ጡሩንባ ነፋ። ሻንጣዬን አነሳሁ።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለ ሰይፉ፣ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እያየ። «ድንጋይ አልተመዘገበም። ያልተመዘገበ ነገር አልረከብም።» ከተቀመጠበት እግሩን ዘርግቶ፣ ከፊት ጎማው ሥር ያለውን ድንጋይ በጫማው ገፍቶ አወጣው።

በመጀመሪያ ማንም አላወቀም፤ ድምፅ የላትማ። ኮሚቴው እንደተቀመጠ፣ ወረቀቱን እንደያዘ፣ በቀስታ፣ በክብር፣ ቁልቁል ወደ በሩ አሸዋ ይሄድ ጀመር።

«ያ አላህ፣ ሄደች!» አሉ ሐጂ አደም።

«ጓዲት!» ብለው ጮኹ ጓድ ኃላፊ፣ የምርቃቱን ቀን የያዙትን ፍሬን በድንጋጤ ረስተው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው አንቀው። «ፍሬኑ የቱ ጋ ነው?»

ምዕራፍ አራት፣ ሁለተኛው ሥዕል፣ በግራ በኩል ያለው ዘንግ። በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን ክሊራንሴን ዝቅ ብዬ አየሁት፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ነው፣ የተፈረመው ደግሞ የተፈረመ ነው።

«ጓድ ኃላፊ» አልኳቸው፣ ወደ ጭነት መኪናው እየሮጥኩ፣ «ወንበር ፍሬን የለውም!»